ለተመላሹ ዋስ ማን ይሁን?

(ከዚህ በታች የምናወጣው ጽሑፍ በመርካቶ ራጉኤል አካባቢ የሚኖሩና የሚነግዱ የዕድር አባላት በተሰበሰቡበት የተደረገ ንግግር ነው። ተናጋሪው በግል ጋዜጦች ላይ የሚጽፍ ጋዜጠኛ ነው። ለጋዜጣ እንዲመች ጥቂት ከማሳጠራችን በስተቀር ንግግሩን እንዳለ አቅርበነዋል። - ዝግጅት ክፍሉ)

ሱቃችሁን ዘግታችሁ፣ ቤታችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። መርካቶ ውስጥ ግማሽ ቀን መዝጋት ምን እንደሚያስከፍል ለናንተ አይነገርም። ስለዚህ ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም። የመጣሁት ከስደት ተመልሰው በአገራቸው "ሀ" ብለው ለመጀመር የሚታገሉትን ልጆቻችንን ጉዳይ ላነሳ ነው። የምለውም አንድ ነገር ብቻ ነው። ለነዚህ ልጆች የሚያዝንላቸው ሰው አልጠፋም፤ አዛኝማ ሞልቷል። የጠፋው ዋስ ነው።

ዋስ ምን ማለት እንደሆነ መርካቶ ላይ ቆሞ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። እዚህ ዕቃ የሚወጣው በዋስ ነው፣ ዕቁብ የሚበላው በዋስ ነው፣ ሠራተኛ የሚቀጠረው በዋስ ነው። ዋስ የሌለው ሰው መርካቶ መሐል ቆሞ እንኳ መርካቶ አልገባም።

ቦሌ የደረሰ ሁሉ ቤቱ አልገባም

"የስደተኛ ጉዳይ የቦሌ ጉዳይ ነው፤ ራጉኤልን ምን አገባው?" የሚል አይጠፋም። አውሮፕላኑማ የሚያርፈው ቦሌ ነው። ግን ከቦሌ በኋላ የት ይኬዳል? ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት የራጉኤል ሰው ከማንም ይቀድማል። አውቶቡስ ተራ ጎረቤታችን ነው። ለብዙ ዘመን ከክፍለ ሀገር የመጣውም ወደ ክፍለ ሀገር የሚሄደውም ያለፈው በዚያ በኩል ነው። ዛሬ ላምበረትም ቃሊቲም መናኸሪያ አለ። ቢሆንም አገሬ እገባለሁ ብሎ ተነስቶ መሐል መንገድ ላይ ልቡ የከዳው ሰው መደበቂያው እስካሁን መርካቶ ነው። እዚህ "የማን ልጅ ነህ? መቼ መጣህ?" ብሎ የሚያፋጥጥ የለም። ቀን ይሸከማል፣ ካልሲ ያዞራል፣ ሻይ ያፈላል፤ ማታ የአንድ አዳር ሒሳብ ከፍሎ ከማያውቀው ሰው ጎን ይተኛል።

ለምን በቀጥታ ቤቱ አልገባም? መንገዱ ጠፍቶት አይደለም።

እንበል፣ አንዲት ልጅ ከደቡብ ወሎ ተነስታ ሪያድ ገባች። ስትሄድ አባቷ በሬ ሸጠዋል፣ አጎቷ ተበድረዋል። ስድስት ዓመት የሰው ቤት አጥባ፣ የሰው ልጅ አሳድጋ የላከችው ገንዘብ በወንድሟ ስም የቆርቆሮ ቤት ሆነ፤ ለታናናሾቿ ደብተር ሆነ፤ ለአባቷ መድኃኒት ሆነ። አንድ ቀን ፖሊስ ከመንገድ አፈሳት። ከማጎሪያ ወደ አውሮፕላን፣ ከአውሮፕላን ወደ ቦሌ። ይዛ የወረደችው የለበሰችውን ልብስና አንድ ፌስታል ነው። አገሯ ብትገባ ቤቱ የወንድሟ ነው፤ ወንድሟ ደግሞ ሚስት አግብቶበታል። አበዳሪው ዕዳውን አልረሳም። ጎረቤት "ምን ይዛ መጣች?" ይላል። እናቷ ደስ ይላታል፤ ግን እናትም እኮ ዓይን አላት፣ ፌስታሏን ታያለች። ታዲያ ይቺ ልጅ "ትንሽ ሠርቼ፣ ቢያንስ ለእናቴ ነጠላ ገዝቼ ልግባ" ብላ አውቶቡስ ተራ ላይ ብትቀር ይፈረድባታል? "ትንሽ" ያለችው ወር ይሆናል፤ ወሩ ዓመት ይሆናል። ዓመት ሲሞላት ደላላው ይመጣል።

ይህችን ልጅ ለምሳሌ ያህል የፈጠርኳት እኔ ነኝ። ከመካከላችሁ ግን "እንዲህ ያለች ልጅ አይቼ አላውቅም" የሚል ያለ አይመስለኝም።

አበባ ለተመላሹ፣ ዱላ ለጯሂው

እስቲ ቁጥሩን እናንሳ። በጥቅምት 2006 ዓ.ም. ማብቂያ የሳዑዲ መንግሥት ሰጥቶት የነበረው የምህረት ጊዜ ሲያልቅ አፈሳው ተጀመረ። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተጭነው መጡ። በመጋቢት 2009 ዓ.ም. ሳዑዲ ሌላ የ90 ቀን ምህረት አወጀች። ዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት እንደገመተው ከግንቦት 2009 እስከ መጋቢት 2011 ዓ.ም. ባለው ጊዜ 260 ሺህ ያህል ሰው ተመለሰ። በወር ከ10 ሺህ በላይ መሆኑ ነው። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ገብቶ የሊባኖስ ኢኮኖሚ ሲወድቅ አሠሪዎች የቤት ሠራተኞቻቸውን በመኪና እያመጡ ቤይሩት በሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ላይ ጥለዋቸው ሄዱ። በመጋቢት 2014 ዓ.ም. ደግሞ ከ100 ሺህ በላይ ሰዎችን ከሳዑዲ ለመመለስ በሁለቱ መንግሥታት ስምምነት አውሮፕላኖች መመላለስ ጀመሩ።

በነዚህ ዓመታት ኢሕአዴግ ሄዷል፣ ብልፅግና መጥቷል። አቀባበሉ ግን ያው ነው። ቦሌ ላይ ባለሥልጣን ይቆማል፤ ካሜራ ይደቀናል፤ አበባ ይሰጣል፤ "መንግሥት ለዜጎቹ ያለው ክብር" ይባላል፤ ማታ በዜና ይታያል። ከዚያ በኋላ ጥቂት ቀን በማቆያ፣ ትንሽ የመንገድ ገንዘብ፣ ቸር ያግጥምህ! በማግስቱ ካሜራው ሌላ ሪባን የሚቆረጥበት ቦታ ሄዷል።

አበባ መስጠቱን አልነቅፍም። እንኳን ደህና መጣህ ማለት ደግ ነው። ነገር ግን አበባ ሰጪው ያንኑ ጊዜ በሌላው እጁ ምን ይዞ እንደነበር እናስታውስ። ወገኖቻችን ሪያድና ጅዳ ላይ ሲደበደቡ፣ ኅዳር 6 ቀን 2006 ዓ.ም. ሰማያዊ ፓርቲ አዲስ አበባ በሚገኘው የሳዑዲ ኤምባሲ ደጃፍ ሰልፍ ጠራ። ፖሊስ ሰልፈኛውን በተነው፤ ብዙዎች ታፍሰው ታሰሩ። ለተመላሹ አበባ፣ ስለ ተመላሹ ለጮኸው ዱላ! በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ደግሞ ከሳዑዲ የተመለሱ የትግራይ ተወላጆች እየተለዩ ይታሰሩ እንደነበር ሂዩማን ራይትስ ዎች በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት ዘርዝሯል። ከሰው አገር ማጎሪያ ወደ ገዛ አገር ማጎሪያ መግባት፣ ለመሆኑ ይሄ በምን ቋንቋ ነው "እንኳን ደህና መጣችሁ" የሚባለው?

"መሸኛ አምጪ"

አሁን ወደ ታችኛው እርከን እንውረድ። ተመላሹ ሚኒስትር አያውቅም። የሚያውቀው መንግሥት በመስኮት በኩል የሚያናግረውን ሠራተኛ ነው። ንግግሩም ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤

"መታወቂያ ፈልጌ ነበር።"

"መሸኛ ይዘሻል?"

"ከየት?"

"ከነበርሽበት ነዋ።"

"የነበርኩት ሪያድ ነው።"

"ከዚያ በፊት ከነበርሽበት።"

"እዚያማ ስምሽ ከመዝገብ ወጥቷል አሉኝ።"

"እንግዲያው ምስክር አምጪ። ደግሞም ነገ ተመለሽ፤ ዛሬ ሲስተም የለም።"

እየሳቃችሁ ነው። አትፈረዱም፣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እኛ ግን ሲያንገላቱን የሚያውቀን ሰው እንፈልጋለን፤ ጎረቤት እንጠራለን፤ የዕድር ሊቀመንበር እንልካለን። ለተመላሹ ይህ ሁሉ የለውም። በእጁ ያለው ወረቀት ሊሴ ፓሴ ነው፤ ሊሴ ፓሴ ደግሞ አገር ለመግቢያ ብቻ የተሰጠ የአንድ ጉዞ ወረቀት ነው። ዛሬ ፋይዳ የሚባል ብሔራዊ መታወቂያ መጥቷል፤ መምጣቱ ጥሩ ነው። ቢሆንም ፋይዳ ማንነትህን ይናገር ይሆናል እንጂ የየት ነዋሪ እንደሆንክ አይመሰክርም። የነዋሪነት ወረቀት በሌለበት ደግሞ የንግድ ፈቃዱም፣ ብድሩም፣ የመሸጫ ቦታውም ወረፋ እዚያው መስኮት ላይ ይቆማል።

"በማኅበር ተደራጁ" ይባላሉ። ለመደራጀት መታወቂያ፣ ለብድር ቅድሚያ ቁጠባና ዋስ። መደራጀቱ ሲያቅታቸው መንገድ ዳር ሸራ ቢዘረጉ ደንብ አስከባሪ መጥቶ ያሯሩጣቸዋል። ልብ በሉ፤ ልጅቷ ሰው አገር ስትሠራ ያሯሯጣት "ወረቀት የለሽም" የሚል ፖሊስ ነው። አገሯ ገብታም የሚያሯሩጣት ያው ወረቀት ነው።

የአዲስ አበባው ልጅ ነገር ደግሞ የባሰ ሆኗል። የገጠሩ ቢያንስ ወንዙን ተራራውን ያገኘዋል። ዶሮ ማነቂያ ተወልዶ ከአሥር ዓመት በፊት የወጣ ልጅ ዛሬ ቢመለስ ሰፈሩ የለም፤ በ2016 ዓ.ም. ፈርሷል። የካዛንቺሱ ልጅም እንዲሁ፤ በ2017 ዓ.ም. ፈርሷል። ነዋሪው ወደ ኮንዶሚኒየም፣ ወደ ከተማው ጫፍ ተበትኗል። ኮሪደር ልማቱ መንገዱን አስፍቶ ይሆናል፤ መብራቱም ያምራል። ነገር ግን ሰፈር ሲፈርስ የሚፈርሰው ግድግዳ ብቻ አይደለም። "ይህችን ልጅ ከእናቷ ጉያ ጀምሮ አውቃታለሁ" የሚል ምስክር አብሮ ይበተናል። ዕድሩ ይበተናል። ዋሱ ከሰፈሩ ጋር ፈረሰ ማለት ነው።

የ1983ቱ ወታደር ያስተማረን

"ይህን ያህል ሕዝብ ማን ያቋቁማል? ከአቅም በላይ ነው" የሚል መልስ ይሰጣል። አገራችን ግን ከዚህ የሚበልጥ ሕዝብ በአንድ ጊዜ ወደ ቤቱ ሲመለስ አይታለች።

በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ የአገሪቱ ጦር ተበተነ። ከ450 ሺህ በላይ የቀድሞ ሠራዊት አባል ትጥቅ ፈትቶ ወደየመጣበት ሄደ። በሰኔ ወር ለዚሁ ሥራ ኮሚሽን ተቋቋመ። ያ ዘመን ለወታደሩ ምን ያህል መራራ እንደነበር የሚያስታውስ ሰው እዚህ አለ። ለአገር ዳር ድንበር የቆመ ሰው "የደርግ ወታደር" ተብሎ ተናቀ፤ የወታደር ካፖርቱን እንደለበሰ መንገድ ላይ እጁን ዘረጋ።

ነገር ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ዕጣ አልገጠመውም። ገጠር የገባው ይብዛም ይነስ ቶሎ ተቋቋመ። ለምን? መሬት ቢያጣ እንኳ ከአባቱ ማሳ ጥማድ ያገኛል፤ ዘመድ በሬ ያውሰዋል፤ ጎረቤት በደቦ ይወጣለታል። የስንዴ ራሽኑና የዘር እርዳታው የረዳው ይህ ሁሉ ከሥሩ ስለነበረው ነው። ከተማ የቀረው ደግሞ መሬት የለው፣ ደቦ የለው፣ የሚያውቀው አሠሪ የለው፤ እሱ ነው ለብዙ ዓመት የተንከራተተው። ሁለቱም ከአንድ ምሽግ የወጡ ሰዎች ናቸው። የለያቸው ነገር ከጀርባቸው ማን ቆመ የሚለው ነው።

የዕቁብ ዳኛውም "ዋስ" ይላል

እስካሁን መንግሥትን ወቀስን፤ ወቀሳውም ይገባዋል። ግን እኛስ? ያቺው ልጅ ከቀበሌው መስኮት ዞር ብላ ወደኛ ስትመጣ ምን እንላታለን?

"ዕቁባችሁ አስገቡኝ" ትላለች። ዳኛው "ዋስሽ ማነው?" ይላል። ዳኛው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ የብዙ ሰው ገንዘብ በእጁ ነው። ስለዚህ ስለ ደግነት ማውራት ትቼ እንደ ነጋዴ በሒሳብ ላነጋግራችሁ።

ሃያ ሰው ያለበት፣ በየሳምንቱ 500 ብር የሚጣልበት ዕቁብ እንውሰድ። ዕጣው 10 ሺህ ብር ነው። በመጀመሪያው ሳምንት የወሰደ ሰው የጣለው 500 ብር ብቻ ነው፤ 9,500 ብር የማኅበሩ ዕዳ ተሸክሟል። ቢጠፋ ጉዳቱ ከባድ ነው፤ ዋስ መጠየቁ ትክክል ነው። መጨረሻ የሚወስደው ግን አንድ ሳንቲም ዕዳ የለበትም፤ እንዲያውም ሲያበድረን የከረመው እሱ ነው። ለሱ ዋስ መጠየቅ ምን ይባላል? አሁን ያቺ ተመላሽ በ12ኛው ሳምንት ትውሰድ ብንልስ? እስከዚያው 6 ሺህ ብር ጥላለች። የሚቀርባት 4 ሺህ ብር ነው። አምስት ሰው ተባብሮ ዋስ ቢሆናት በነፍስ ወከፍ 800 ብር ነው። እግዚኦ! ለአንድ ሰው ሕይወት 800 ብር ዋስ መሆን ራጉኤልን ያቅተዋል?

"እስከ 12ኛው ሳምንት 500 ብሩን ከየት ታመጣለች?" ትሉኛላችሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱም እናንተ ሱቅ ውስጥ አለ። ጠዋት አንድ ደርዘን ካልሲ፣ አንድ ደርዘን የልጆች ቲሸርት በዱቤ ስጧት፤ ማታ ሒሳቡን ታስረክባችሁ፣ ትርፏን ትያዝ። ሦስት ሳምንት እንዲህ ስትሠራ ሰውየዋን ታውቋታላችሁ። ቃሏን የምትጠብቅ ከሆነች ዕቁብ ውስጥ ገብታ ትጥላለች። ዕጣዋ ሲደርስ ገንዘቡ በጥሬው ከሚሰጣት አንዱ ዋስ አብሯት ሄዶ ዕቃ ቢገዛላት ይመረጣል፤ ደላላው ጥሬ ገንዘብ ሸትቶት እንዳይመጣ። ይህ አዲስ ፈጠራ አይደለም። ከመካከላችሁ ብዙዎቻችሁ የተነሳችሁት እንዲህ ነው።

"ወስዳ ብትጠፋስ?" የምትጠፋ ትኖራለች። ተመላሽ ሁሉ መልአክ ነው ብዬ ልዋሻችሁ አልመጣሁም። ግን ነጋዴ ሆኖ ዱቤ ያልተካደ ማነው? በዱቤ ካጂ ምክንያት መርካቶ ዱቤ አላቆመም። ኪሳራውን ለአምስት ተካፍሎ ንግዱን ይቀጥላል።

መርካቶ የሚያውቀው ጥበብ

መርካቶ ራሱ እንደገና ከመጀመር የተወለደ ገበያ ነው። ከጣሊያን ወረራ በፊት የከተማው ትልቅ ገበያ አራዳ፣ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። ጣሊያን የአገሬውን ሰው ገበያ ለይቶ ወደዚህ ገፋው፤ ስሙንም በራሱ ቋንቋ "መርካቶ" አለው። የተገፋው ነጋዴ ግን እዚህ "ሀ" ብሎ ጀመረ። ጣሊያን ሄደ፤ ገበያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ ከጉራጌ፣ ከስልጤ፣ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከሐረር፣ ከሲዳሞ ባዶ እጁን የመጣው ልጅ ሊስትሮ ሆኖ፣ ሎተሪ አዙሮ፣ ተሸክሞ ባለሱቅ የሆነበት ገበያ ነው። ያን ልጅ ያቆመው የአገሩ ልጅ ነው። "የኔ ልጅ ነው፣ እኔ አለሁበት" ብሎ የተናገረለት ሰው ስለነበረው ነው።

ምን አለሽ ተራን ተመልከቱ። ሌላው ሰው የጣለው የዘይት ቆርቆሮ እዚያ ገብቶ ምድጃ ሆኖ ይወጣል። ያረጀ ጎማ ጫማ ይሆናል። እዚያ ተራ ላይ "ይሄ እኮ ተጥሎ የነበረ ነው" ብሎ ዕቃ የሚንቅ የለም፤ የሚጠየቀው "ምን ይወጣዋል?" ተብሎ ነው። ቆርቆሮ ሁለተኛ ዕድል በሚያገኝበት ገበያ የሰው ልጅ "ዋስ የለህም" ተብሎ ሲመለስ አያሳፍርም?

የእሳቱንም ነገር አንርሳ። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ ሸማ ተራ ሲነድ፣ ማለዳ ባለሀብት ሆኖ ሱቁን የከፈተ ሰው ሌሊቱን ባዶ እጁን አደረ። ያ ሰው በማግስቱ ከተመላሹ በምን ይለያል? ዕቃ የለውም፣ ገንዘብ የለውም፣ ዕዳ ግን አለበት። አንድ ነገር ግን አለው፤ ስም አለው። "ዕቃ ውሰድ፤ ስትሸጥ ትከፍለኛለህ" የሚለው ሰው አለው። ነጋዴ ከአመድ የሚነሳው በዚህ ነው። ተመላሹም የወጣው ከእሳት ነው። የሱ እሳት የነደደው ሩቅ አገር ስለሆነ ጭሱ አልታየንም እንጂ።

ከመንግሥት የምንጠይቀው

እናንተን ዋስ ሁኑ ስል መንግሥትን ከተጠያቂነት ነፃ ማውጣቴ እንዳይመስል። ሦስት ነገር እንጠይቅ።

አንደኛ፤ ተመላሹ ቦሌ ሲደርስ ይመዘገባል። ያ ምዝገባ እንደ መሸኛ ይቆጠርለት። መንግሥት ራሱ በአውሮፕላን አምጥቶ ራሱ የመዘገበውን ሰው፣ ያው መንግሥት በወረዳው መስኮት "ማን ነህ?" ሊለው አይገባም። ይህ በጀት አይጠይቅም፤ አንድ ደብዳቤ ነው የሚጠይቀው።

ሁለተኛ፤ ሕጉ ይተግበር። ሕግማ አለን። በሰው የመነገድና ሰውን በሕገ ወጥ መንገድ ድንበር የማሻገር ወንጀልን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ስለ ተጎጂዎች መልሶ መቋቋም ይናገራል። ከዚያ በፊትም በ2010 ዓ.ም. ተመላሾችን ስለማቋቋም መመሪያ ወጥቷል። ስንት ሰው በዚህ ሕግ ተቋቋመ? ስንት ብር ወጣ? በየወረዳው በግልጽ ይለጠፍ። ቦሌ ላይ የወረደውን ቁጥር በዜና የሚነግረን መንግሥት፣ ቤቱ የገባውንም ቁጥር ይንገረን።

ሦስተኛ፤ ከሌላው እንማር። ፊሊፒንስ እንደኛ ልጆቿን ለሥራ ወደ ዐረብ አገር የምትልክ አገር ናት። እዚያ ሠራተኛው ሲሄድ በውል 25 ዶላር ወደ ደህንነት ፈንድ ይገባለታል፤ ችግር ሲደርስበት የሚረዳው ፈንዱ ነው። ተመላሾችን መልሶ የሚያቋቁም ማዕከልም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2010 በሕግ አጽንታለች። ፊሊፒኖ ሁሉ ደልቶታል አልልም። ነገር ግን ሲሄድ ስለ መመለሱ ታስቦለታል። የኛ መንግሥት የሠራው ምንድን ነው? በጥቅምት 2006 ዓ.ም. ለሥራ መሄድን በሙሉ አገደ። እገዳው እስከ 2010 ዓ.ም. ቆየ። ሰው ግን አልቆመም። በሩ ሲዘጋበት በኦቦክና በቦሳሶ ዞሮ በየመን በኩል ሄደ።

ለተመላሾች ያለኝ ቃል

ከመካከላችሁ ተመልሳችሁ የመጣችሁ እህቶችና ወንድሞች እንዳላችሁ አውቃለሁ። ቁሙና እንያችሁ አልልም። ግን "ባዶ እጄን መጣሁ" አትበሉ። ዐረብኛ ይዛችሁ መጥታችኋል፤ ከዱባይ ዕቃ የሚያስመጣ ነጋዴ ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል። ሕፃን ማሳደግ፣ አዛውንት መጦር፣ ትልቅ ቤት ማስተዳደር ይዛችሁ መጥታችኋል። የላካችሁት ገንዘብ ታናናሾቻችሁን አስተምሯል፤ ያ ዕዳ ያለበት ቤተሰባችሁ ነው እንጂ እናንተ አይደላችሁም። ቤት ለመግባት ነጠላ አትጠብቁ። እዚያ ያሉ ጓደኞቻችሁን ደግሞ ምከሩልኝ፤ ከሚልኩት ላይ ትንሽም ብትሆን በራሳቸው ስም ባንክ ያስቀምጡ። በወንድም ስም የተሠራ ቤት የወንድም ቤት ነው።

አባቶችና እናቶች፤ ለመጨረሻ ጊዜ አንድ ነገር ልበል። ሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. ከ150 በላይ ሰው፣ አብዛኛው ኢትዮጵያዊ፣ የጫነች ጀልባ የመን አብያን ዳርቻ ሰጠመች፤ ብዙዎች አለቁ። ከዚያ ሁለት ዓመት በፊት፣ በነሐሴ 2015 ዓ.ም.፣ የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች ከየመን የሚሻገሩ ኢትዮጵያውያንን በመቶዎች መግደላቸውን ሂዩማን ራይትስ ዎች አጋልጧል። ይህን ሁሉ እያወቀ ሰው ለምን ይሄዳል? አንድ ጊዜ ሄዶ የተመለሰው ሰውማ መንገዱን ከማንም ይልቅ ያውቀዋል። እሱ መልሶ የሚሄደው ስለማያውቅ አይደለም። እዚህ ሦስት ጊዜ በር አንኳኩቶ ሦስት ጊዜ "ዋስህ ማነው?" ስለተባለ ነው። ደላላው ግን ዋስ አይጠይቅም። "ስትደርስ ትከፍላለህ" ይላል። እንግዲህ ልጆቻችንን በዱቤ የሚያምናቸው ደላላው ብቻ ሆኖ ቀረ ማለት ነው።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ይህ ዕድር አምስት አምስት ሰው እየሆነ ለአንድ ተመላሽ ዋስ ይቁም። በሚቀጥለው ወር ስብሰባ ላይ የአንድ ሰው ስም፣ የአምስት ዋስ ፊርማ ይዛችሁ ኑ። በአንዱ እንጀምር። ከራጉኤል ምዕመን አምስት፣ ከአንዋር መስጊድ ጎረቤቶቻችን አምስት ቢሆንማ ሁለት ሰው ነው። የዕቁብ ዳኛው "ዋስሽ ማነው?" ብሎ ሲጠይቃት ልጅቷ አንገቷን ከመድፋቷ በፊት ከኋላዋ "እኔ አለሁባት" የሚል ድምፅ ይሰማ።